ከቶልሚን ጋራዥ መዝገብ

እዚህ ሸለቆ ውስጥ ዝናብ አይቆጠርም፣
መጀመር ያውቃል እንጂ ማቆም አይማርም።
ሶቻ ወንዝ ሲሞላ፣ አረንጓዴው ደፍርሶ፣
ብስክሌት ይመጣል ጭቃውን ለብሶ።
ባለቤቱ ይላል፦ «ትናንት ይበር ነበር»፣
ካቻቢቴ አነሣለሁ አስከሬን ልመርምር።

ሦስት ዓይነት ሞተር ከፈትሁ ዘንድሮ፣
አንዱ ዳገት የሚያንቅ ይዞ በጉሮሮ፤
ዘጠና ኒውተን ሜትር በወረቀት ላይ፣
ፔዳሉን ስትነካው ተራራው ሜዳ መሳይ፤
ጩኸቱ ግን ጩኸት፣ የተነካ ቀፎ፣
አጋዘን የሚያሸሽ ከዛፍ ዛፍ አልፎ።

ሁለተኛው ዝምተኛ፣ ስልሳ ብቻ ጉልበቱ፣
እንደ ጨዋ እንግዳ የማይሰማ መምጣቱ፤
ስትገፋ ይገፋል፣ ስታርፍ ያርፋል አብሮ፣
ከድርሻህ በላይ አይሰጥም ቆንጥሮ።

ሦስተኛው ቀላል ነው፣ ሚዛኑ በግራም፣
ማስታወቂያው ያማረ፣ ዋጋው የሚያስፈራም፤
ቡሎን የሚባል የለው፣ በሙጫ የታሸገ፣
ለጥገና ሳይሆን ለመጣል ያደገ።

ማቴውዥ በሐምሌ በጉልበተኛው ወጣ፣
አርባ ደቂቃ ብቻ፣ ላብ እንኳ ሳይመጣ።
ቢራ ቤት ውስጥ ቁጥሩን ለሁሉም ደገመ፣
ቁጥሩ እውነት ነበር። መስከረም ዘነመ።
በጥቅምት መጣልኝ በእጁ እየገፋ፣
ስከፍተው በግራሶ ፈንታ ውሃ ተፋ።
ያች ጎሚኒ ቀጭን፣ የሁለት ሳንቲም ዕቃ፣
ዘጠና ኒውተን አዋረደች ተሰንጥቃ።

ዝምተኛውስ? ጻድቅ ነው አልልም። መዝገቤ ይናገር፦
አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር። ኩሽኔታ ደህና። ማርሽ ደህና።
አንዲት ሽቦ፣ ከፀጉር የማትወፍር፣ ተነቅላ
ሰው አንድ ሌሊት ጫካ አሳድራለች።
ጥገናው፦ አምስት ደቂቃ።
ንዴቱ፦ አልለካሁትም።

የታሸገውን፣ ፋብሪካው «አትክፈት» አለኝ፣
«ጣለውና አዲስ እንልካለን»።
ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ የእህቴን ፀጉር ማድረቂያ ተዋስሁ፣
ሙጫው እስኪላላ አሞቅሁት።
ውስጡ እንዴት ያምራል! የእጅ ሰዓት ነው የሚመስለው።
የላስቲኩ ማርሽ ብቻ፣ ሁለት ጥርሱ ረግፎ፣
እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ይስቅብኛል።

በማግስቱ ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ዝዴንካ መጣች፣
ከላይ ከግጦሹ አይብ የምትሠራው፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷ።
ኒውተኑን፣ ዋቱን፣ ክብደቱን ደረደርሁላት።
እስክጨርስ ታገሠችኝ። ከዚያ፦
«ስንት ደቂቃ ያወጣኛል አትበለኝ፣ ዬርኔይ።
አቀበቱን እግሬ ያውቀዋል።
ጭጋግ ወርዶ፣ መሽቶ፣
አሥራ አራት ኪሎ አይብ ጀርባዬ ላይ ሳለ፣
መሀል መንገድ የማይከዳኝ የትኛው ነው?»

ለዚህ ዓምድ አልነበረኝም።

ዝምተኛውን ሰጠኋት። ትርፍ ሽቦ ከኮርቻው ሥር አሰርሁላት፣
አንዴ ነቀልሁ፣ አንዴ ሰካሁ፣ ከዚያ እሷ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
በጣቷ ብቻ እስክታገኘው።
አንድ ጣሳ ግራሶም ጨመርሁ፦ «ከዝናብ በኋላ፣ ጎሚኒው ዙሪያ»።

ዝናቡ መጣ። ሶቻ ሁለት ድልድይ ነካ።
ማቴውዥ አዲስ ሞተር ገዛ፣ መቶ ኒውተን፣ ቢራ ቤቱ እንደገና ሰማ።
እኔ ጣሪያውን እያዳመጥሁ
ስለ አንዲት ቀጭን ሽቦ አስብ ነበር።

በጥቅምት ማብቂያ ከላሞቿ ጋር ወረደች፣
የፊት ጎማዋ ተበስቶ፤ ሌላ ምንም።
እኔ ግን ሞተሩን ከፈትሁት፣ አላስቻለኝም።
ውስጡ ደረቅ፣ እንደ አጥንት።
ጎሚኒው ላይ ግን የማላውቀው ቅባት፣ ቢጫ፣
ገለባ ገለባ የሚሸት።

«ያንተ በነሐሴ አለቀ» አለች፣ «ጡታቸው ሲሰነጠቅ
ላሞቹን የምቀባቸውን ቀባሁት።»

እስክሪብቶ አንሥቼ መዝገቡን ገለጥሁ።
ሞዴል፦ ጻፍሁ። ኪሎ ሜትር፦ ጻፍሁ።
«ለምን አልሞተም» የሚለው ዓምድ ላይ
እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ፣
እሷ ደግሞ ጎማዋን እየጠበቀች ነበር።