የትከሻ ልኬት

ሰኞ ገበያ ዳር፣ ከዚያች ቆርቆሮ ቤት
ልብስ ስሰፋ ኖርኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።
ተኩስ ብትሉኝ፣ እኔ የማውቀው ተኩስ
በከሰል ካውያ ነው፣ ኮሌታ እስኪለሰልስ።
ምላጭም ብትሉኝ፣ ያለኝ ምላጭ ያው
የተሳሳተ ስፌት የምፈታበት ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ ሥራዬ ሌላ ሆነ፤
ለሠርጉ ሱፍ የሚለካ እያደር መነመነ።
ሸራ ይዘው ይመጣሉ፤ ማንገቻ፣ ዝናር፣ ከረጢት፣
«ጠንከር አርገህ» ይሉኛል፣ «በጥንድ ክር፣ በድርብ ስፌት።»
የስንቱን ጠመንጃ ቁመት በሜትሬ ለክቻለሁ፤
የሰደፉን ስፋት ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ፤
የልጄን የዒድ ሱሪ ግን በየዓመቱ እስታለሁ።
(ያድጋላ! ብረት አያድግም።)

በኅዳር፣ የጦሳ ጉም ሰፈሩን በዋጠበት ሌት
በሬን ገነጠሉት። ሦስት ነበሩ። ወይ አራት።
ስድስት ጥቅል ካኪ፣ የሰው ቀሚስ፣ የሰው ኮት፤
አንዱ ሲንጀሬን በጫንቃው ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት።
አየሁት። ከመጋረጃው ኋላ፣ መቀሴን ጨብጬ።
ትንፍሽ አላልኩም።
ልቤ ብቻ እንደ ፔዳል ይረገጣል፣
ያለ ክር።

ጠዋት ጎረቤት መጣ። «ብረት ቢኖርህ ኖሮ» አሉ፤
እንደ ለቅሶ ቤት ወግ ያችኑ ቃል ተቀባበሉ።

አበጋዝ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ መጣ፤
ከማዳበሪያ ጆንያ፣ ከሽንኩርት መሃል አወጣ።
ሰደፉ ላይ ስም ነበረ፣ በቢላ ተፍቆ ጠፍቷል፤
አንድ «ለ» ብቻ ቀርታለች፣ እግሯ ተሰብሯል።
«ንጹሕ ነው» አለኝ።
«የማን ነበር?»
«ሙሔ፣ ዛሬ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።»
ዋጋውን ነገረኝ። ለኦቨርሎክ ያስቀመጥኩት
ብር ልክ ያው ነበር፤ ሳንቲም አልጎደለበት።
«እስከ ሰኞ አስብበት።»

አሰብኩበት። የት እንደማኖረው፣ መጀመሪያ።
ከአልጋ ሥር? የአንዋር ነው፤ የድብብቆሽ ሰፈሩ።
ከቁም ሳጥን ላይ? ስኳሩም እዚያ ነው፤ ሁለት ወንበር ነው ምሥጢሩ።
ከኮርኒስ በላይ? ማን ይይዝልኛል መሰላሉን?
«ወንድሜ፣ አንዴ ደግፍልኝ» ልበለው ሌባውን?

ሰዓዳን አማከርኳት፤ ቁልፍ ትተክል ነበር።
ቀና ሳትል፦ «መርፌ ሲወጋህ እንኳ
ስንቴ ነው የጮኽከው?»
ሳቅን።
ቆይታ ደግሞ፦ «እኔም እኮ እፈራለሁ፤
ውሻ በጮኸ ቁጥር ልጁን እቆጥራለሁ፤
አንድ ልጅ ምን ይቆጠራል?»
ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ያን ሌሊት በጨለማ ክንዴን ዘረጋሁ፤
በባዶ ጣቴ በሩን አነጣጠርኩ፣ ጠበቅሁ።
መጣልኝ ያ ልጅ፣ ሲንጀሬን የተሸከመ፤
የግራ ጫማው ተበጥሶ በሽቦ የታከመ።
ያችን ሽቦ ለምን አየኋት?
ጣቴ እዚያች ላይ ስትደርስ ትታጠፍና
ትቀራለች።
ግን ደግሞ ነገ የሚመጣው
እሱ ባይሆንስ? ጫማው ደህና የሆነው?

ሰኞ። አበጋዝ ጆንያውን ከእግሩ መሃል አቁሞ
«እሺ?» አለኝ።
«ማንገቻው አልደረሰም» አልኩት።
«ሳትገዛ ማንገቻ?» ሳቀ፤
«አንተ ሰው፣ ለሙሽራ ሳይታጭ ቬሎ ትሰፋለህ!
በሚቀጥለው ሰኞ ግን ለሌላ ነው የምሰጠው፣ ታውቃለህ።»

ሲሄድ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ
የራሴን ትከሻ ለካሁ።
ሰው ራሱን ሲለካ ይዛባል፤
ሁለቴ ለካሁት፣ ሁለቴም ግራው ዝቅ ብሏል።
ከእትዬ ዘርፌ ቀሚስ በታች፣ በደብተሬ ጻፍኩት፦
ማንገቻ። ሸራ። ድርብ ስፌት።
ትከሻ፣ አርባ ሦስት ተኩል።
ቀብድ፦ የለም።
ስም፦

እስክሪብቶው ቀለም አልጨረሰም።
እኔ ነኝ ያቆምኩት።