ቀይ መብራት

እሑድ ጧት ዊኒፔግ፣ ውርጩ ጥርስ አውጥቶ፣
ከተዘጋ ሱቅ ፊት አስፋልቱ ተኝቶ፣
የሰናዳ ቶዮታ ሦስቴ አስሎት ተነሣ።
ባሏ ጫካ የቀረ፣ ሬሳው ያልተነሣ
የቦስኒያ ሴት ናት። ለኛ፣ ለጦር ትራፊ፣
መሪ ታስጨብጣለች፤ ተቆጪ፣ ለፍላፊ።
ሥጋ ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ የለም ሌሊት፤
«ክፍያው» ትላለች «አንድ ነው፤ አስተምሪ ሌላ ሴት።»

ዛሬ መሪው ላይ ለተብርሃን ናት፣ የሽራሮዋ።
ከኋላ እኔ፣ የቆቦዋ።
ስለ በረዶ ጎማ እንጂ
ስለ ሌላ አናወራም።

ከግቢው ወጣን። መብራቱ ቀላ።
ቆመች፤ ደግ አድርጋ ቆመች።
ከዚያ መስታወቱን አወረደች፣
ከጉያዋ መታወቂያዋን አውጥታ
ለበረዶው ዘረጋችለት።

ኬላ የለም። ወታደር የለም።
ካርዱን ነፋስ አገላበጠው።
ሰናዳ፣ ያቺ ለፍላፊ፣
ራዲዮኑን ቀነሰች እንጂ ቃል አልወጣትም።
እኔም «እህቴ፣ መብራት እኮ ነው»
ልላት አፌን ስከፍት
እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣
የራሴን መታወቂያ ጨብጦ።

አረንጓዴ ሆነ።
ከኋላችን አንዱ ጡሩንባ ነፋ፣ ደገመ።
«ይጠብቅ» አለች ሰናዳ።
«መስታወቱን ዝጊ፣ ብርድ ገባ።»