ተጠባባቂ በረኛ

ከፊቷ አስቀድሜ ጀርባዋን አወቅሁት፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከወንበር ያየሁት።
ቢጫ ማልያ፣ አንድ ቁጥር፣ ጠርዙ የረገፈ፣
በታልካዋኖ ዝናብ ገላዋ ላይ የተለጠፈ።
ኢርማ ካዩፓን። እኔ ደግሞ ተጠባባቂዋ፣
ጓንቴ ያልቆሸሸ፣ የውሃ አቀባይዋ።

አባቷ ቀዳዳ መረብ ሲጠግን የኖረ፣
የእናቷ እጅ በሰርዲን ቆርቆሮ የተመተረ፤
እሷም ከፋብሪካው ወጥታ፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣
ሜዳው ላይ ትደርሳለች ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ማታ።
ዓሣ ዓሣ ትሸት ነበር። አጥቂዎቹ ሲስቁ፣
«ሳሙና ግዙላት!» እያሉ ሲሳለቁ፣
ኳሷን እንዳቀፈች ዝም ብላ ትነሣለች፤
ዓሣ የሚያመልጠው እጅ እንዳልተሰጣት ታውቃለች።

ደመወዝ? የአውቶቡስ ሒሳብ ነበር፤
እሱም ካሸነፍን። ከተሸነፍን በእግር።

ቴሙኮ ላይ የሆነውን ግን ልንገራችሁ፤
ማንም አልቀረጸውም፤ ብታምኑኝም ባታምኑኝም እናንተ ታውቃላችሁ።
ግማሽ ፍጻሜ። ዜሮ ለዜሮ። ሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ።
ጣቷ ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ጭራሮ ቀጭ አለ፣ በቃ።
አሠልጣኙ አየኝ። ተነሣሁ። ሰውነቴን አሟሟቅሁ።
እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ለአንድ አፍታ መሰበሯን ወደድሁ።
እሷ ግን የቆሰለውን ከጤነኛው ጋር አስራ፣ ፕላስተሩን በጥርሷ ቆርጣ፣
«ተቀመጪ ዙሌማ!» አለችኝ፣ ዞር ብላ አፍጥጣ።

ተቀመጥሁ።

ፍጹም ቅጣት ምት መጣ፤ ያዘችው፣ በዚያው እጅ።
ፍጻሜውን ተሸነፍን። እሱን ሁሉም ያውቃል፤ ቴሙኮን ነው እንጂ።

በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ጉልበቷ አልታዘዝ አለ፤
አበባ የለ፣ ስንብት የለ፣ ስሟ ብቻ ከዝርዝሩ ጎደለ።
ቁልፍ ለምና ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር፣
መጋዘን ከፈተች፤ ድሮ የበረዶ ማኖሪያ የነበር።
አሮጌ ታኬታ ሰበሰበች፤ ሰፋች፤ ቀለም ቀባች፤
ለወደቡ ልጃገረዶች እየመዘገበች አዋሰች።
ደብተሩን አይቼዋለሁ፦
«የራኬል ልጅ፣ ሠላሳ አራት፤ ግራው ይጠባታል።
መንትዮቹ፣ አንድ ጥንድ፤ በተራ ይጫወታሉ፤ ይኼም ያልፋል።
ያኒራ፣ ሠላሳ ስድስት፤ አልመለሰችም። አትጠየቅ፤ አባቷ ባሕር ላይ ቀርቷል።»
ሃያ ዓመት ሙሉ ግብ ስትከለክል የኖረች፣
በር ላይ ቆማ ለመጣችው ሁሉ «ግቢ» አለች።

አንዲት ሴት መጣች፣ ማክሰኞ ሌሊት፣ በሰሜን ነፋስ፣
ባዶ እግሯን፣ ከንፈሯ አብጦ፤ ከወንድ ካፖርት በቀር የላት ልብስ።
«ሠላሳ ስምንት አለ?» አለች። ኢርማ ለምን አላለቻትም፤
ታኬታ ሰጠቻት። ደብተሩ ላይ ስም አልጻፈችም።
ሴትዮዋ ወደ እኅቷ ቤት ዳገቱን ስትወጣ፣ አስፋልቱ ላይ ቋ ቋ ቋ፣
አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ አልገባኝም የኮቴው ቋንቋ።

ከዚያ ወዲያ መጋዘኑ አልጋ አበቀለ፤ ሁለት፣ ቀጥሎ አምስት።
ብርድ ልብስ ከባሕር ኃይል ተለመነ፤ ምድጃ ከቄሱ ቤት።
ኳሶቹ ከድስቱ አጠገብ፤ ታኬታው ከሕፃን ጫማ ጋር ተደርድሯል።
ኢርማ ሳል ይዟታል፤ ሐኪሙ የሌሊቱን ብርድ ከልክሏታል።
«ሐሙስ ያንቺ ነው» አለችኝ። «ተነሺ፣ ዙሌማ። ተራሽ ደርሷል።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
አንድ ሰው በሩን ይደበድባል፣
የሚስቱን ስም እየጠራ፣ አንዴ በልመና፣ አንዴ በስድብ።
ፖሊስ ደውዬለታለሁ፤ ከዳገቱ ማዶ ነው፤ ይመጣል።
ውስጥ አምስት ሴቶች፣ ሁለት ሕፃናት፤ መብራት አጥፍተናል።
የማውቀው አቋቋም አንድ ብቻ ነው፣
አሥራ አንድ ዓመት ከወንበር ያጠናሁት፦
እግር ከፈት፣ ጉልበት ዕጥፍ፣ ክንድ ዘርጋ።
ከኋላዬ ያሉት መንቀጥቀጤን ይዩት አይዩት እንጃ፤
ፊቴን ግን አያዩትም፤
ጀርባዬን ነው።

ሳንቃው ተርገፈገፈ።
አልገባም።