የአራት ሴቶች መዝገብ

ቤርሳቤህ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣
ውጭ አቧራ ያዘለ ነፋስ፣ ውስጥ ማቀዝቀዣው በርዶ፣
ኒታይ ወንበሩን እየነዳ መጣ ወደ ጎኔ፣
ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሥራውን የማሳየው እኔ።

«ይቺ ዘሃቫ» አለኝ፣ በጣቱ መስመሩን ነክቶ፣
«ከጻፈችው አሥራ አራት ዓመት፤ ማንም አልነካው ፈርቶ።
ቫልቩ ከመከፈቱ በፊት ለምን ሦስት ሰከንድ ይጠብቃል?
ኢሜይል ጻፍኩላት፤ ‹አድራሻው የለም› ብሎ ይመለሳል።
ሞታ ይሆን?»

አልሞተችም።
አጠገብህ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች።

መዝገቡን ከፈትኩለት፤ ከላይ እስከ ታች ሳወርደው፣
አራት ሴቶች ናቸው ያሉት፤ እጁ ግን የአንድ ሰው ነው።

አንደኛዋ ዘሃቫ፣ በዩኒቨርሲቲው አድራሻ፣
ቀን ቢሮ ስትወለውል ውላ ኮዷን የምትልክ በማምሻ።
ሁለተኛዋ ፊደል ብቻ፣ «ዘ. ፈ.»፤ ኩባንያው ኋላ ተሸጠ፣
የኢሜይሉም ስም ከነሰርቨሩ እንደ ጨው ቀለጠ።
ሦስተኛዋ ባል ያገባች፣ በባሏ ስም የምትጠራ፤
ስሙን ከነሻንጣው መለስኩለት፤ መዝገቡ ላይ ግን አለ ሲሠራ።
አራተኛዋ የዛሬዋ፤ አገር ግዛት ሚኒስቴር ተሰልፌ፣
ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ከጥበቃው ጋር ተኳርፌ፣
መታወቂያ ላይ ያስመለስኳት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል።
የእኔን ያወጣው የመቀበያ ማዕከሉ ጸሐፊ ነበር፣
ክንፍ የሌለው፣
ሳንድዊቹ ቅጹ ላይ ዘይት ያንጠባጠበ።
«ወርቅያንጥፉ» አልኩት፤ ስድስት ዓመቴ ነበር፤
የቅጹ ሣጥን አልበቃም።
«ትርጉሙስ?» አለው አስተርጓሚውን።
«ወርቅ ያንጥፉላት፣ ስትመጣ።»
«ወርቅ ከሆነማ ዘሃቫ» ብሎ ጻፈ፣
የሚነጠፈውን አስቀርቶ።
በአንድ አውሮፕላን የመጡት አባቴና ታናሹ ደረሱ
በሁለት ጠረጴዛ አልፈው በሁለት የቤተሰብ ስም ወጡ፤
አንዱ በአያቴ በፈንታ፣ አንዱ በቅድመ አያቴ በጀምበሬ።
ባንኩ ዛሬም ባዳ ናቸው ይላል።

ኒታይ ልጅ ነው፣ ፈጣን ነው፤ «ቀላል» አለ፣ «እንለውጠው፤
አንድ ትእዛዝ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ ያስጽፈው፤
ዘሃቫ የሚለው ሁሉ በእውነተኛ ስምሽ ይተካ።»
እጄ ወደ ቁልፉ ተዘረጋ፤ ተመለሰ ሳይነካ።

እያንዳንዱ ኮሚት የቀዳሚውን አሻራ በጉያው ይዟል፤
የመጀመሪያውን ከነካህ እስከ መጨረሻው ሁሉም ሌላ ይሆናል፤
ሃይፋ ቅጂ የያዘው፣ ዓፉላ ቅጂ የያዘችው፣
ግንዳቸው ከግንዳችን አይገጥም፤
ቅርንጫፋቸውን ይዘው ሜዳ ይቀራሉ።
ደግሞስ ያቺ ልጅ፣
እጇ ክሎሪን እየሸተተ ሦስቱን ሰከንድ ያገኘችው፣
ዘሃቫ ነበረች።
አንድ ጊዜ በቅጽ ላይ ተሠርዣለሁ፤
ሁለተኛው ጸሐፊ እኔው ልሁን?

አንዲት ትንሽ ፋይል አለች፣ ከሥሩ የምትቀመጥ፣
ያለፈውን የማትነካ፣ የማትፍቅ፣ የማትለውጥ፣
ጠያቂ ሲመጣ ብቻ «ያም ይህም አንድ ናት» የምትል፣
ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሽማግሌ፣ ጋብቻ ሲታሰብ፣ በመሃል።

ሦስት መስመር ጻፍኩ።
በግራ የዛሬዋን፣ በቀኝ የድሮዎቹን፦
የሞተውን አድራሻ፣ የተሸጠውን ኩባንያ፣
የቀድሞ ባሌን ስም ሳይቀር።
አንዱንም አልሰደብኩ።
ደራሲው ማነው ሲል በላቲን ልጽፍለት ነበር፤
በፊደል ጻፍኩት።

ኒታይ ወደ ማሽኑ ሳበው፤ ፊደሉን አያውቅ ኖሮ ኮምፒውተሩ፣
በስሜ ቦታ ሰባት ባዶ ሣጥኖች ተደረደሩ።
«ተበላሸ» አለ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።
«ቁጠራቸው» አልኩት።
ቆጠራቸው።
«ወርቅ በምን ይቀመጣል ታዲያ?»

ሳቀ። ወንበሩን ሊነዳ ሲል ዞረ፦
«ሦስቱ ሰከንድስ?»

እውነቱን ልንገርህ፣ ረስቼዋለሁ።
እሷ ግን ታውቅ ነበር።