በቅጹ ኅዳግ

ፔርሙዝ የሚያህል ነው፣ ሰማያዊ ቱቦ፣
በስፖንጅ ተከቦ።
«በእኔ ያለፈ ውሃ ንጹሕ ነው» ይላል ካርቶኑ፤
መሐላ አይበቃንም፤
ይፈተን በወንዙ፣ ይታይ በሳህኑ።

በበረዶ ሣጥን ጠርሙሴን ከትቼ፣
ባጃጅ ተሳፍሬ ከአዳማ ወጥቼ፣
ሸንኮራውን አልፌ ከአዋሽ ዳር ደረስሁ፤
ቢጫ የጄሪካን ሰልፍ፣ አንድ አህያ አገኘሁ።
አዋሽ ክረምት ጠግቦ ሻይ በወተት መስሏል፤
ከላይ ልብስ ይታጠባል፣
ከታች ከብት ይጠጣል፣
መሐሉን ሰው ይቀዳል።

ፓምፑን ስጫነው ልጆች ቆጠሩልኝ፤
አርባ ላይ ሲደርሱ ጠርሙሱ ጠራልኝ፤
በጠርሙሱ ማዶ
የጥፍሬ ስንጥቅ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

«መጥራትና መጽዳት አንድ ነው ወይ?» አሉኝ ኦቦ ዱጋሳ፤
«አረቄም ይጠራል፤ ስንቱን አጋደመው እንደ በድን ሬሳ!»

ልክ ናቸው።
ናሙናውን ማታ ሙቀት ላይ አስተኛሁት፤
በማግሥቱ ጠዋት ክዳኑን ከፈትሁት፦
የወንዙ ሳህን ላይ በርበሬ ተነስንሷል፣
ቀይ ነጥብ በነጥብ፣ መቁጠር ይሰለቻል፤
የቱቦው ሳህን ላይ አንድም አልበቀለ።
«ዜሮ» ብዬ ሞላሁ፣
ክብ አድርጌ ሞላሁ፣ እጄ እየቸኮለ።

ይህን ልነግራቸው ስመለስ በሳምንት፣
ሰዉ ተሰብስቧል ከቦኖው ፊት ለፊት።
(ቦኖው ከጉድጓድ ነው፣ ለብ ያለ፣ የጠራ፣
ማንም የማይፈራ።)
ኦቦ ዱጋሳ ቀምሰው «አረቄስ አይደለም» ብለው ፈረዱ፤
ልጆች በሳቅ ፈነዱ።
ጃለኔም ሳቀች፤ መዳፏ ግን ከሳቋ ቀደመ፣
አፏ ላይ ታተመ።
«የትንሹ ወንድሜ ጥርስ ገና አልወጣ፤
ነጭ ይሆንለታል በዚህ ቢጠጣ?»

ያንን መዳፍ አውቀዋለሁ።
የአዳማ ልጅ ነኝ፤
በልጅነት ፎቶዎቼ ሁሉ አፌን ዘግቻለሁ።

ከቦኖው ቀዳሁ። ገፋሁ። አርባ ቆጠርን።
ጠብታውን ጨመርሁ፤ ቀይ ሆኖ እንዲቆይ ለመንሁት፤
ቀዩ ግን ከዳኝ፣
ቢጫ ሆኖ አገኘሁት።

ላኪዎቹ የሚሹት ቁጥር ተሞልቷል፣
ማኅተም ይጠብቃል።
ቅጹ ላይ ፍሎራይድ የሚባል ሣጥን የለም።
በእርሳስ፣ በኅዳጉ፦
«ተሕዋስን ያስቀራል።
ጥርስን አያተርፍም።»

ለጃለኔ መልሱን
በቃል አልነገርኋት፤ ከንፈሬን ገለጥሁላት፣
ሳልሸፍን ሳቅሁላት።
ቆማ አየችኝ፣ ቆማ።
እጇ ግን አልወረደም።