በእርሳስ የተጻፈ

ወንበሬ አሥራ አራት ነው፤ ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ፣
ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ቤቷ ቶሎ የማትገባ፤
አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ፣
ሃያ ሁለት ሐምሌ ከእኔ ጋር የቆጠረ።

ከተማችን ሚሲሲፒን ተደግፋ የቆመች ናት፤
ወንዙ ባይኖር ካርታ ሠሪው ነጥብ እንኳን ባልሰጣት።
ቡድናችን «አምባዞቹ»፣ ጭቃ ለባሽ፣ ጢማም ዓሣ፤
ሲሸነፍ ነው የማውቀው፤ ሲያሸንፍማ ማን ይረሳ።

ዋናውን ሊግ በራዲዮ እሰማለሁ፤ ሠርግ ነው እሱ፤
እዚህ ያሉት መንገደኞች፣ የሚሄዱና የሚመለሱ።
አሥር ሰዓት በአውቶቡስ፣ ጉልበት ካገጭ ተጣብቆ፣
እራት ቀዝቃዛ ሳንድዊች፣ ደመወዝ እንደ ጤዛ አልቆ።

ጨዋታው ምንድነው ላለኝ፦ ከቤት ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ቤት መግባት ነው።
ብዙው ሰው ሦስተኛው ላይ ቆሞ ይመሽበታል፤
እኔ የማየው እሱን ነው።

ደብዳቤ ለያይ ነበርኩ፣ ፖስታ ቤት፣ ሠላሳ ዓመት፤
አድራሻው የሳተ እሽግ አያስተኛኝም ሌሊት።
ለዚህ መሰለኝ ደብተር የገዛሁት፣ እርሳስ የቀረጽኩት፣
እያንዳንዷን ኳስ በየሳጥኗ የከተትኩት።
የተመታ፣ የተሳተ፣ በአየር ላይ የተቀለበ፤
ለማያውቅ የጉንዳን ዱካ፣ ለእኔ የተነበበ።
ኦቾሎኒ ሻጯ ጌርት በትከሻዬ አሻግራ ታያለች፤
«ማን ሊያነበው?» ትለኛለች። «እኔ» እላለሁ። ትስቃለች።

ዱዌይን ፕሩዊት የሚባል ነበር፤ ኳስ ተቀባይ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፤
በዚህ ሜዳ ሠላሳ አንድ ሽምግልና ነው በእውነቱ።
ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ወንበሬ ድረስ ይሰማኛል፣
እንደ አሮጌ በር፤ ግን ይታጠፋል።
በእሱ እጅ ስንቱ ወርዋሪ ተገርቶ ወደ ላይ ተጠራ፤
እሱን የሚጠራው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ በስም ጥሪ ተራ።

ነሐሴ፣ የመጨረሻው ማክሰኞ።
ሕዝቡ ሁለት መቶ አይሞላም፤ ግማሹ ለቢራው ቅናሽ መጥቷል።
ዘጠነኛው ዙር። የእሳት እራት መብራቱን ወርሮታል፤
ከቀኙ አጥር ጀርባ የእህል ባቡር ይጎተታል።
ፕሩዊት መታ።
ኳሱ መሬት ለመሬት፣ አቧራ ሰንጥቆ፣ እባብ ሆኖ፣
በስድስት ቁጥሩ ግራ አለፈ፤ ልጁ ተወርውሮ፣ ጓንቲው ባክኖ።
ፕሩዊት እንደ ጋሪ ሮጠ፤ ደረሰ፤
ሰሌዳው ላይ ግን «ስህተት» የሚል ቀይ መብራት ፈሰሰ።
ስህተት፦ የተከላካዩ ጥፋት እንጂ የመቺው ሙያ አይደለም ማለት፤
ከላይ መስኮት ያለው መዝጋቢ ሳንድዊች እየበላ በየነበት።

ያንን ኳስ ማንም አይዘውም ነበር።
ማንም።
«ምት» ብዬ ጻፍኩ፤ ተጭኜ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ።
በማግሥቱ ሄደ፣ ጋዜጣው ስሙን ሳያነሣ።

አራት ዓመት። ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ጨዋታ አግዶ ሳለ፣
የዳቦ ፋብሪካ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ከጎኔ ዱብ አለ።
ሲቀመጥ ጉልበቱን ሰማሁት። ፊቱን ማየት አላስፈለገኝ።
«የድሮ ደብተሮችዎ አሉ ይባላል» ብሎ ጠየቀኝ።
«ያቺ ማክሰኞ…» አልጨረሰም።
ደብተሩ መኪናዬ ውስጥ ነበር፤
በሰባ ሦስት ዓመቴ፣ በዚያ ዶፍ፣ አቤት ስበር!

ገጹን ገለጥኩለት። ጣቱን የተበሳው ቦታ ላይ አኖረ።
ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳቀ። «እውነቱን ልንገርዎት?» ብሎ ጀመረ፤
«ያ ልጅ ሊይዘው ይገባ ነበር።
እኔም ዐውቄያለሁ፣ ገና ስሮጥ።»

ሠላሳ ዓመት አድራሻ ያቀናሁ ሰው ነኝና
ላጲሴን ከኪሴ አወጣሁ።
እጄን ያዘው።

ዝናቡ አባራ። ሸራውን ጠቀለሉ፤ አምባዛው ጨፍሮ ጢሙ ወደቀ፤
ጌርት ኦቾሎኒ አመጣች፤ ፕሩዊት ቅርፊቱን እግሩ ሥር አደቀቀ።
አዲስ ልጅ ሊመታ ወጣ፤ ስሙን ገና አላጠናሁም።
እርሳሱን ለፕሩዊት ሰጠሁት።