የቁልፍ ቤት

ገበር የለውም። ለበጋ ነው።
ጠዋት ጠዋት የአምስት ኪሎ ብርድ ስስ ነው፣ ግን ስለት አለው፤
እስከ አራት ሰዓት ብቻ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ነገር፣
ከዚያ ወዲያ ታጥፎ ክንድ ላይ የሚቀር።

የገዛሁት ጨርቅ አይደለም።
መጋረጃ ነው፤ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከድልድዩ በላይ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተወጥሮ የኖረ፣ መስኮታችን ላይ።
ሰፈሩ ሲነሣ ቆርቆሮው በኪሎ ተሸጠ፣
እሱ ግን በፌስታል ሆኖ ከኔ ጋር አመለጠ።

የአሁኗ ክፍሌ መስኮት ስፋቷ ከትሪ አይበልጥም፤
ብሰቅለው ወለል ይጠርጋል፣
ልቁረጠው ስል ደግሞ እጄ አልታዘዝ አለ፣ ክረምቱን ሁሉ።
በጥቅምት ቆረጥኩት።

አሮጌ ሸሚዜን ጋዜጣ ላይ በጀርባው አስተኝቼ
ዙሪያውን በእስክሪፕቶ ዞርኩት፣ ለስፌት ሁለት ጣት ትቼ፤
ጠመኔ ስላልነበረኝ በሳሙና ስባሪ አሰመርኩ።
ጀርባ አንድ፣ ደረት ሁለት፣ እጅጌ ሁለት፤
ኮሌታውን ተውኩት፣ ድፍረት ይጠይቃል።

መኪናው የአከራዬ ነው፣ የወይዘሮ አልጋነሽ፤
«መርፌ ከሰበርሽ» አሉኝ፣ «እኔ የለሁበትም፣ ትተኪያለሽ።»
ሁለት ሰበርኩ።
አንዱን መብራት የጠፋ ለታ፣ በስልክ ብርሃን ስረግጠው፣
ሌላውን ወፍራሙ ጠርዝ ላይ፣ ቸኩዬ ስገፈትረው።

የግራው እጅጌ በቀኝ ብብት ገባ። ፈታሁት።
ገለበጥኩና መልሼ ሰፋሁት። ፈታሁት።
ወይዘሮ አልጋነሽ በበሩ ብቅ ብለው
«መስፋትማ ማንም ይሰፋል፤ ሞያው መፍታቱ ነው»
ብለውኝ ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

በመጨረሻ ሰፋሁት። ለብሼ ባየው፣ ሰፋ።
ቋንቋችን ሳይቀር ሳቀብኝ።
ጎንና ጎኑን በሁለት ጣት ይዤ አጠበብኩት።

ስተኩሰው ነው ያስተዋልኩት።
ፀሐይ ያን ሁሉ ዓመት በመስኮቱ ብረት መሐል እየገባች
ጨርቁን አንጥታዋለች፤
ብረቱ የጋረደው ግን ሰማያዊነቱን አልለቀቀም።
እና ጀርባዬ ላይ ሦስት ዘንግ፣ ሰማያዊ፣ ሁለቱ ቀጥ ያለ፤
ቤቱ የለም፣ መስኮቱ አለ።
ሦስተኛው ወገቡ ላይ ጎበጥ ይላል፤
የኔ አቆራረጥ ነው ብዬ አፈርኩ።

ቀረ ቁልፍ።
አራቱ ከእናቴ የብስኩት ጣሳ፣
አንዱ ከአሮጌ ካፖርት፤ የቀለማቸው ነገር አይነሣ።
የቁልፍ ቤት በእጅ ይሠራል። በመቀስ ጫፍ ይሰነጠቃል፣
ከንፈሩ በክር ይከበባል፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ።
አምስት ቤት በሦስት ምሽት ሠራሁ፤
ፈቃድ ያለኝ የለም፣ ካርታ አምጪ ያለኝ የለም።
አምስቱም ቁልፎች ቤታቸው ገቡ፣ እየተራመዱ በየተራ፤
የሠራተኛ ሰፈሩ ቁልፍ ብቻ፣ ከነዝገቱ፣
ጠረጴዛ ላይ ውጭ አደረ። የለም ቤቱ።

ኪሴ ውስጥ ጣልኩት።
ጃኬቱ ቀላል ነውና አንድ ቁልፍ አዘነበለው።
«ቀኝ ጎኑ ዝቅ ብሏል» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ «ፍቺው።»
ይሄን እንኳ አልፈታም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ታክሲ ልይዝ ተሰልፌ፣ አራት ኪሎ፣
ከኋላዬ አንድ ጣት ጀርባዬን ነካ፣ ቀስ ብሎ።
የሺሐረግ ናት፤ ግድግዳ ለግድግዳ የኖርን፣
ሰፈሩ ከተነሣ ወዲህ ያልተያየን።
ሰላም እንኳ አላለችኝም።
ጣቷ ሦስተኛውን ዘንግ ተከትሎ ወረደ፣
ወገቡ ጋ ሲደርስ፣ ጉብጠቱ ላይ፣ ቆመ።

«ይሄን» አለች፣
«ተንጠልጥሎ ያጎበጠው የኔ ልጅ ነው።»